በቫዮሊን ትምህርት የእጅ አቀማመጥ፤ ቅድሚያ የሚሰጠው ለምንድን ነው?

የሙዚቃ መሣሪያ ትምህርት በሥርዓተ ትምህርት ውስጥ በሚታቀድበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ፥ ተማሪው በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ ስንት ዜማ ተጫውቶ ይጨርሳል የሚል ነው። ዜማ ሊቈጠር ይችላል፤ በፈተና ወረቀት ላይ ሊመዘገብ ይችላል፤ በዓመቱ መዝጊያ በዓል ላይ ወላጆች ተሰብስበው ሊሰሙት ይችላሉ። ተማሪው መሣሪያውን የያዘበት እጅ ግን አይቈጠርም፤ በሪፖርትም አይገለጽም። በዚህ ምክንያት የእጅ አቀማመጥ ጉዳይ በብዙ የትምህርት ዝርዝሮች ውስጥ እንደ መግቢያ ንግግር ተቈጥሮ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይታለፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፥ ይህ አሠራር በቫዮሊን ትምህርት ረገድ ምን ጉዳት እንደሚያስከትልና ጉዳቱ ከምን እንደሚመነጭ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች ማስረዳት ነው።

አስተያየቱ ከውጭ ሆኖ የሚሰነዘር ወቀሳ እንዳይመስል የአቅራቢውን የራሱን ጥፋት ማስቀደም ይገባል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሙዚቃ ዕጩ መምህራን የሚሰጠውን የቫዮሊን መነሻ ትምህርት ዝርዝር እንዳዘጋጅ ተመድቤ ነበር። ለመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ስድስት ዜማዎችን ደለደልሁ፤ ከእነዚህም በላይ «ስለ መሣሪያው አያያዝ ገለጻ መስጠት፤ 1 ክፍለ ጊዜ» የሚል አንድ መሥመር አስገባሁ። በመንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ ክፍሉን ስጐበኝ ከአሥራ አንዱ ሠልጣኞች ስድስቱን ዜማዎች ያልተጫወተ አንድም አልነበረም። ትንሿን ጣቱን በክሩ ላይ በትክክለኛው ስፍራ ማሳረፍ የቻለው ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሁለቱ በልምምድ መካከል እጃቸውን ያራግፉ ነበር። ዕቅዱ በወረቀት ላይ ሲታይ መቶ በመቶ ተፈጽሟል።

የእጅ አሠራርና የቫዮሊን ጠባይ

ጣትን የሚያጥፉት ዋና ዋና ጡንቻዎች የሚገኙት በጣቶቹ ውስጥ ሳይሆን በክንድ ላይ ነው። ኃይላቸው ወደ ጣት የሚደርሰውም በእጅ አንጓ በኩል በሚያልፉ ረጃጅም ጅማቶች አማካይነት ነው። ስለሆነም አንጓው ከተፈጥሮ አቋሙ ርቆ በታጠፈ መጠን የጣቶቹ ኃይልና ቅልጥፍና ይቀንሳል። አንባቢው ይህን በራሱ እጅ ሊፈትነው ይችላል። የእጁን አንጓ ወደ ውስጥ እስከ መጨረሻው አጥፎ ጡጫ ለመጨበጥ ቢሞክር ጣቶቹ ሙሉ በሙሉ አይዘጉም፤ የተዘጉትም ያህል ቢሆኑ አንዲት እርሳስ አጥብቀው ሊይዙ አይችሉም። አንጓውን ቀና አድርጎ ቢሞክረው ልዩነቱን ወዲያውኑ ይረዳል። ሁለተኛም፥ አውራ ጣቱን ከሌባ ጣቱ ጎን ጋር አጥብቆ እየጫነ የቀሩትን ሦስት ጣቶች በፍጥነት ለማንቀሳቀስ ቢሞክር፥ የአውራ ጣት ጭነት ወደ ሌሎቹ ጣቶች ተላልፎ እንደሚያከብዳቸው ይሰማዋል። እነዚህ ሁለት ሙከራዎች ሁለት ደቂቃ አይፈጁም። በክፍል ውስጥ ከማናቸውም ረጅም ገለጻ የተሻለ ውጤት ሲያስገኙ ደጋግሜ ስላየሁ መምህራን እንዲጠቀሙባቸው እመክራለሁ።

አሁን ቫዮሊን ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘ ተማሪ የሚያደርገውን እንመልከት። መሣሪያው ከግማሽ ኪሎ የማይበልጥ ክብደት ቢኖረውም ከሰውነት ወጣ ብሎ በአየር ላይ የሚቆም ስለሆነ ተማሪው እንዳይወድቅበት ይሰጋል። ስጋቱንም ለማስወገድ የመሣሪያውን አንገት በግራ እጁ ጭብጥ አድርጎ ይይዛል። አውራ ጣቱ ከአንደኛው ወገን፥ የሌባ ጣቱ ሥር ከሌላው ወገን ሆነው እንደ ጉጠት ያጠብቃሉ። ጥቂት ቆይቶ ሲደክመው ደግሞ አንጓው ይሰበርና የመሣሪያው አንገት በመዳፉ ላይ ይተኛል፤ ብርጭቆ የተደረደረበትን ትሪ በመዳፉ የተሸከመ ሰው ይመስላል። ከላይ የተገለጹት ሁለቱ የእጅ ችግሮች፥ ማለት የአንጓ መሰበርና የአውራ ጣት መጨበጥ፥ በአንድነት የሚገኙት በዚህ አያያዝ ነው።

ይህ አያያዝ በቅኝት ላይ የሚያስከትለውን ችግር በቁጥር ማሳየት ይቻላል። በሙሉ መጠን ቫዮሊን ላይ ከላይኛው መነሻ እስከ ብርኩማው ድረስ የሚርገበገበው የክር ርዝመት 33 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ርዝመት መሠረት ሲሰላ በመነሻው ስፍራ አንድ ሙሉ ቃና ሦስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ፥ ግማሽ ቃና ደግሞ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ቦታ ይይዛል። ከመጀመሪያው ጣት እስከ አራተኛው ጣት ያለው ርቀት በተለመደው አኳኋን ሲዘረጋ ከሰባት ሴንቲ ሜትር ጥቂት ያልፋል። ጊታር ላይ እንዳለው ዓይነት ማዕከላዊ ምልክት በቫዮሊን ሰሌዳ ላይ ስለሌለ ጣቱ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ቢስት ጆሮ ስሕተቱን ይለየዋል። አንጓው ተሰብሮ መዳፉ ወደ አንገቱ ሲጠጋ ትንሿ ጣት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ሰባቱን ሴንቲ ሜትር ለማዳረስም ተጎትታ ትደርሳለች እንጂ ከላይ ወደ ታች ልትወርድ አትችልም። ተማሪው ቅኝት የማይለይ ጆሮ ያለው የሚመስለን አንዳንድ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው። ጆሮው ስሕተቱን ሰምቶታል፤ እጁ ግን ሊያርመው የሚችልበት ስፍራ ላይ አይደለም።

የስሕተቱ ምንጭ እንግዲህ ጣቶቹ አይደሉም። ምንጩ መሣሪያውን ማን ተሸከመው የሚለው ጥያቄ ነው። ቫዮሊን ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ በሚዘልቀው አጥንት ላይ አርፎ የመንጋጋው ክብደት በላዩ ሲያርፍበት ግራ እጅ የመሸከም ሥራው ይቀልለታል፤ ጣቶቹም ለዜማው ሥራ ነጻ ይሆናሉ። የዚህ ነገር አስፈላጊነት ከጥንት ጀምሮ ታውቋል። የታዋቂው የዜማ ደራሲ አባት ሊዮፖልድ ሞዛርት እ.ኤ.አ. በ1756 በአውግስቡርግ ባሳተመው የቫዮሊን መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ትክክለኛውን አያያዝና የተሳሳተውን በሥዕል ለይቶ አሳይቷል። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1820 ገደማ ሉድቪግ ሽፖር የተባለው ጀርመናዊ ቫዮሊን ተጫዋች ለአገጭ ማሳረፊያ የሚሆን ትንሽ እንጨት በመሣሪያው ላይ እንዲገጠም አደረገ። ዛሬ እንደ ቀላል የምናየው ይህ ማሳረፊያ የግራ እጅን ከሸክም ለማላቀቅ የተደረገ ትልቅ እርምጃ ነው።

ሆኖም የሰው አንገት ርዝመት የተለያየ ነው። አንገቱ ረዘም ላለ ሠልጣኝ ማሳረፊያው ብቻውን አይበቃውም፤ ትከሻውን ወደ ላይ ሰቅሎ ክፍተቱን ለመሙላት ይገደዳል፤ ከዚያ ወዲያ መላው ክንዱ ይግተረተራል። ለዚህ የሚሆነው የትከሻ መደገፊያ በገበያ ባይገኝ በቁራጭ ስፖንጅ ወይም በታጠፈ ጨርቅ ሊተካ ይችላል። መምህሩ ከእጁ በፊት ትከሻውን እንዲመረምር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ተማሪውን «ጣትህን አስተካክል» ከማለት በፊት «ትከሻህን ጣል» ማለት ብዙ ጊዜ ይበልጥ ይጠቅማል። ክርንም ቢሆን አንድ ስፍራ ላይ ተቸክሎ የሚቀር አይደለም፤ ጣቶቹ ወደ ወፍራሙ ክር ሲሻገሩ ከመሣሪያው ሥር ወደ ቀኝ ገባ ይላል፤ ወደ ቀጭኑ ሲመለሱ ወደ ግራ ይወጣል።

ስለ ደጋኑ

የቀኝ እጅን ጉዳይ በአጭሩ እናልፈዋለን። የቫዮሊን ደጋን 60 ግራም ገደማ፥ ማለት ከአንድ የዶሮ እንቁላል የማይበልጥ ክብደት አለው። ርዝመቱ ግን 75 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነና የሚያዘውም በአንድ ጫፉ ስለሆነ ጫፉ ወደ ታች ያደላል፤ ተማሪውም ይህን ለመቋቋም አጥብቆ ይጨብጠዋል። ከመጨበጥ ይልቅ ሚዛን መጠበቅ ነው የሚፈለገው። አውራ ጣት ከመገጣጠሚያው ለስለስ ብሎ እንደታጠፈ ከመሐል ጣት ትይዩ ይሆናል፤ ትንሿ ጣት ክብ ሆና በእንጨቱ ላይ ትቆማለች፤ ሌባ ጣት ደግሞ የክንዱን ክብደት ወደ ክሩ ያስተላልፋል። ደጋኑ በመያዣው አጠገብ በሚጫወትበት ጊዜ ክብደቱን የምትደግፈው ትንሿ ጣት ናት፤ ወደ ጫፉ ሲሄድ ሥራው ወደ ሌባ ጣት ይተላለፋል። አውራ ጣት ከተቆለፈና ትንሿ ጣት እንደ ምሰሶ ከተገተረች ይህ ቅብብሎሽ ይቋረጣል፤ ድምፁም ይሻክራል። የሩሲያና የፈረንሳይ ቤልጅግ አያያዝ እየተባለ የሚከራከሩበት ልዩነት ለጀማሪ የሚያሳስብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 የታተመው የኢቫን ጋላሚያን መጽሐፍም ዋናው መመዘኛ ለተጫዋቹ እጅ ተፈጥሮአዊ መሆኑ እንደሆነ ያስተምራል።

ማሲንቆ የለመደ እጅ

ወደ ኮሌጆቻችን ከሚገቡት ሠልጣኞች መካከል አንዳንዶቹ አስቀድመው ማሲንቆ የሚያውቁ ናቸው። እነዚህን በሚመለከት ከመምህራን የሚሰማው አስተያየት አንዳንድ ጊዜ «መጥፎ ልማድ ይዘው መጡ» የሚል ነው። ይህ አነጋገር ትክክል አይመስለኝም። በማሲንቆ አንገቱ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ክብደቱም በተቀመጠው ተጫዋች ጭን በኩል ያርፋል። ከፈረስ ጭራ የተሠራው ብቸኛ ክር ከእንጨቱ ርቆ የተወጠረ ስለሆነ ጣቶች ክሩን በመንካት ድምፁን ይለውጣሉ እንጂ ከሰሌዳ ጋር አያጣብቁትም። እጁ የያዘው አቀማመጥ ለዚያ መሣሪያ ትክክለኛው ነው። በተጨማሪም ማሲንቆ የሚያውቅ ሠልጣኝ ለቫዮሊን ሁለት ጥሩ ነገሮችን ይዞ ይመጣል፤ አንደኛው በክር ላይ ያለ ምልክት ቃና ፈልጎ የሚያገኝ ጆሮ ሲሆን፥ ሁለተኛው ክርን በቀላሉ የሚነካ ጣት ነው። ብዙ ጀማሪዎች ክሩን እስከ ሰሌዳው ድረስ በኃይል ሲደፈጥጡ እርሱ በልክ ይነካል። አዲስ መማር ያለበት መሣሪያውን ከጭኑ ወደ ትከሻው ማሻገርንና የደጋኑን አያያዝ ነው። መምህሩ ይህን ለይቶ ቢነግረው ሠልጣኙ የሚያውቀውን ሳይንቅ የማያውቀውን ይማራል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሁለቱንም ዓይነት መሣሪያዎች በአንድ ጣራ ሥር የሚያስተምር በመሆኑ፥ ይህ ንጽጽር ለእኛ አገር የሙዚቃ ትምህርት ባዕድ አይደለም።

ልማድ ሲጠነክር

ገና ያልጠነከረ ስሕተትን ማረም ቀላል ነው። ጥጥ መፍተል የምታስተምር እናት ባዘቶውንና እንዝርቱን ለልጅቱ ከሰጠች በኋላ ንግግር አታበዛም፤ የልጅቱን ጣቶች በራሷ ጣቶች ይዛ ታስተካክላለች፤ ክሩ ሲበጠስም ከጣቶቹ አያያዝ እንደገና ትጀምራለች። ፈትሉ ያማረ ይሁን አይሁን በመጀመሪያው ቀን አታስብም። እኛ በቫዮሊን ትምህርት የምናደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ዜማው ይምጣ እንጂ እጁ በኋላ ይታረማል እንላለን። ስሕተቱ ግን በእያንዳንዱ ልምምድ እየተደገመ ይሄዳል። በቀን ግማሽ ሰዓት የሚለማመድ ትጉህ ተማሪ የተሳሳተውን አያያዝ ከሰነፉ ይልቅ በፍጥነት ያጠናክረዋል። በዚህ ጉዳይ ላይ ትጋት ራሱ ጉዳት የሚሆንበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

አቅራቢው ይህን የሚናገረው ከራሱም ታሪክ ተነሥቶ ነው። በወጣትነቴ ቫዮሊን የተማርሁበት የማታ ክፍል ለዓመቱ በዓል ይዘጋጅ ስለነበር በሦስት ወር ውስጥ ሦስት ዜማ ደረሰልኝ። መሣሪያውን በመዳፌ ተሸክሜ ነበር የምጫወተው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ መምህር በአራተኛው ጣት የሚነካ ተራ ልምምድ ሲያዝዙኝ አልሆነልኝም። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ሙሉ ዜማ ትቼ በባዶ ክር ላይ ደጋን መሳብና ጣት ማንሣት ስለማመድ ቆየሁ። አብሮኝ የጀመረው ጓደኛዬ ጆሮው ከእኔ እጅግ የተሻለ ነበር። እርሱ የአንጓ ሕመም ጀመረው፤ ሲያመው እያረፈ፥ ሲሻለው እየጀመረ ጥቂት ከቆየ በኋላ ቫዮሊኑን ተወው። ያን ጊዜ ማናችንም ሕመሙን ከአያያዙ ጋር አላገናኘነውም፤ አቅመ ቢስነት አድርገን ነበር የቈጠርነው።

ሕመም የጀማሪዎች ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በ48 ኦርኬስትራዎች ውስጥ የሚሠሩ 2,212 ሙዚቀኞች ተጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1988 በታተመው ውጤት መሠረት 76 በመቶ የሚሆኑት ሥራቸውን የሚነካ ቢያንስ አንድ የጤና ችግር እንዳለባቸው ገልጸዋል። የችግሮቹ ሁሉ ምክንያት አያያዝ ነው ማለት አይቻልም፤ የልምምድ ብዛትና የዕረፍት ማነስም ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ከፍተኛ ሥልጠና ያላቸው ሰዎች እንኳ በሰውነታቸው እንዲህ የሚቸገሩ ከሆነ፥ በተሰበረ አንጓ የሚለማመድን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ዝም ብሎ ማየት ተገቢ አይሆንም። በመምህሩ ዘንድ መታወቅ ያለበት፥ የጡንቻ ድካምና ሕመም ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። ድካም በዕረፍት ይለቃል። ሕመም፥ መደንዘዝ ወይም መጠዝጠዝ ከተሰማ ግን ልምምዱ ወዲያውኑ መቆም አለበት፤ ከተመላለሰም ተማሪው ወደ ሐኪም ይላካል።

በክፍል ውስጥና በዕቅድ ላይ

ከላይ የተገለጸውን በተግባር ለማዋል የሚያስፈልገው ገንዘብ አነስተኛ ነው። በጃፓናዊው ሺኒቺ ሱዙኪ የተጀመረውን ዘዴ የሚከተሉ መምህራን ትንንሽ ልጆችን የሚያስጀምሩት ብዙ ጊዜ በወረቀት ሣጥንና በእንጨት ዘንግ በተሠራ የቫዮሊን አምሳያ ነው። ልጁ ቢጥለው የሚሰበር ነገር ስለሌለ አይሰጋም፤ ስለማይሰጋም አይጨብጥም። ይህ ለእኛ ትምህርት ቤቶች የሚስማማ ነው። ለደጋኑም እርሳስ ይበቃል፤ አያያዙ በእርሳስ ላይ ከተለመደ በኋላ ወደ ደጋኑ ይዛወራል።

በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ፖል ሮላንድ እ.ኤ.አ. በ1974 በታተመው ሥራው፥ የእጅ አቀማመጥ እንደ ሐውልት የሚቆም ቅርጽ ሳይሆን ከእንቅስቃሴ ጋር መማር ያለበት መሆኑን አሳይቷል። ከልምምዶቹ አንዱ ለማንኛውም ክፍል ይሆናል። ተማሪው የግራ እጁን ከአንገቱ መነሻ ወደ መካከሉ፥ ከዚያም ወደ መሣሪያው አካል ድረስ እያንሸራተተ በየስፍራው ክሩን በትንሿ ጣቱ ይቆነጥራል። የጨበጠ እጅ መንሸራተት ስለማይችል ስሕተቱ ያለ መምህር ተግሣጽ ራሱን ይገልጣል። እኔ ካየኋቸው ልምምዶች ሁሉ ለአውራ ጣት ጭብጥ ፈዋሽ ሆኖ ያገኘሁት ይህን ነው።

የመሣሪያ እጥረትም በዚህ ረገድ ሙሉ በሙሉ ጉዳት አይደለም። አንድ ቫዮሊን ለሦስት ሠልጣኞች በሚደርስበት ክፍል አንዱ ሲጫወት ሁለተኛው አንጓውን፥ ሦስተኛው የደጋን እጁን እንዲመለከቱ ማድረግ ይቻላል። ነገ መምህር ለሚሆን ሰው የሌላውን እጅ ማንበብ ከመጫወት የማያንስ ትምህርት ነው። ልምምዱም አምስት አምስት ደቂቃ ሆኖ በመካከሉ ዕረፍት ስለሚኖረው ከግማሽ ሰዓት ተከታታይ ልምምድ ይሻላል። የግራ እጅ ጥፍር በአጭሩ መቈረጥ እንዳለበትም መዘንጋት የለበትም፤ ጥፍሩ የረዘመ ተማሪ ጣቱን ቀጥ አድርጎ ለማሳረፍ ይገደዳልና።

ለዕቅድ አውጪዎች በተለይ ሊገለጽ የሚገባው የመሣሪያ መጠን ጉዳይ ነው። ቫዮሊን ከሙሉ መጠን ጀምሮ በሦስት አራተኛ፥ በግማሽ፥ በአንድ አራተኛ እያለ እስከ አንድ አሥራ ስድስተኛ ድረስ ይሠራል። ለትምህርት ቤት ግዢ ሲጠየቅ ግን «ቫዮሊን፥ 10» ተብሎ ብቻ ይጻፋል፤ የሚመጣውም ሙሉ መጠን ይሆናል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ግራ ክንዱን ዘርግቶ የሙሉ ቫዮሊን ጫፍ መዳፉን አልፎ የሚሄድ ከሆነ፥ መምህሩ የቱንም ያህል ቢደክም አንጓውን ቀና ሊያደርግለት አይችልም። በግዢ ጥያቄው ላይ መጠኑን መጻፍ ምንም ወጪ የለውም።

እኔ ያዘጋጀሁትን ዝርዝር በሚመለከት፥ በተሻሻለው ረቂቅ ስድስቱ ዜማዎች ወደ ሁለት ዝቅ ብለዋል። የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ለአምሳያው፥ ለእርሳሱና ለባዶ ክር ተመድበዋል፤ ከዚያ በኋላም በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ለእጅ ምርመራ ተይዟል። በመመዘኛው ቅጽ ላይም ከዜማው ቀጥሎ ትከሻ፥ አንጓ፥ አውራ ጣት፥ ትንሿ ጣት የሚሉ አራት መሥመሮች ገብተዋል። ረቂቁ ለመምህራን ሲቀርብ የተነሣው ጠንካራ ተቃውሞ፥ በዓመቱ መዝጊያ ምን እናሰማለን የሚል ነበር። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ ወላጅም ሆነ የሥራ ኃላፊ ዜማ ሊሰማ ይመጣል። ለዚህ የቀረበው መልስ፥ ዜማውን ድምፃውያኑ ሠልጣኞች ሲዘምሩት ቫዮሊን ያዦቹ በባዶ ክሮቻቸው ብቻ እንዲያጅቧቸው ነው። ባለፈው ዓመት በአንድ ክፍል ተሞክሮ አሥራ አራት ሠልጣኞች በሁለት ክር ብቻ አንድ መዝሙር አጅበዋል፤ ከአዳራሹ ወንበሮች ላይ የነበሩት እንግዶች ጣቶቹ ሥራ ፈትተው መቀመጣቸውን ያስተዋሉ አይመስለኝም።